አየሩ የሚወጣለት ከረጢት ሻንጣ አያቀልም

አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ብቻውን ለሦስት ወር ወደ አውሮፓ የሚጓዝ ሰው ልብሱን አየሩ በሚወጣለት የፕላስቲክ ከረጢት ቢያሽግ ሻንጣው እንደሚቀልለት ጽፈዋል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ስለሆነ ላርመው እወዳለሁ። ከረጢቱ የሚቀንሰው የልብሱን ግዝፈት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ 2 ኪሎ የሚመዝን ጋቢ ተጨምቆ እንደ እንጀራ ቢሳሳም ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው 2 ኪሎ ነው። እንዲያውም ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ቦታ የተረፈ መስሎን ሁለት ሱሪና አንድ ጫማ እንጨምርና፣ በብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የተለመደውን የ23 ኪሎ ጣሪያ፣ ወይም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የእጅ ሻንጣ የሚፈቅደውን 7 ኪሎ ሳናውቀው እናልፋለን። በመልስ ጉዞ ደግሞ ማረፊያው ውስጥ አየር መምጠጫ ካልተገኘ፣ ሲሄድ የገባው ልብስ ሲመለስ አልገባም ይላል (እኔ ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ ከአየሩ ጋር የታገልኩበትን ሌሊት አልረሳውም)። ክብደት የሚቀንሰው ዕቃው ራሱ ሲቀነስ ነው፤ እያጠቡ እስከለበሱ ድረስ የአንድ ሳምንት ልብስ ለሦስት ወርም ይበቃል፣ ከባዱን ጫማና ካፖርት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ተጫምቶና ለብሶ መሳፈር ይሻላል።