ክረምቱን ልጁ ማን ጋ ነው የሚያሳልፈው?

የድሬ ሰዎች፣ በተለይ ተፋትታችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ልጁ ማን ጋ እንደሚሆን ተነጋግራችኋል? ብዙዎቻችሁ አልተነጋገራችሁም። ጎረቤቶቼ ስለሆናችሁ አውቃለሁ።

አምና የሐረር ሚኒባስ የሚቆምበት ጋ 9 ዓመት የሚሆናት ልጅ አየሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በልብስ አጭቃ ታቅፋዋለች፣ ዚፑ እንቢ ብሎ የፒጃማዋ እጅጌ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። አባቷ ከሐረር ወርዶ ሊወስዳት በ4 ሰዓት ተቀጣጥረዋል። ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እናትየው ስልኩ ላይ ትጮሃለች። ልጅቷ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ ካልመጣም ችግር የለም፣ ቤት እንሂድ» አለቻት። አስታራቂ የሆነችው እሷ ናት። ድሬና ሐረር እኮ 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም! ለንግዱም፣ ለለቅሶውም፣ ለጫቱም በደንገጎ ስንመላለስ ያልረዘመብን መንገድ፣ ለልጅ ሲሆን ምነው ረዘመብን?

ወንድሞቼ፣ «ቀለብ እቆርጣለሁ» ማለት ልጅ ማሳደግ አይደለም። ደግሞ ወስዳችሁትም ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በርጫ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ልጁን ስልክ አስይዛችሁ ጥግ ላይ ትተዉታላችሁ። ያ ልጅ ክረምቱን ከአባቱ ጋር አላሳለፈም። ተዉ!

እህቶቼ፣ እናንተም ቀለብ ዘገየ ብላችሁ ልጁን አትያዙበት። ቀለቡን አስፈርዳችሁ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ፣ መብታችሁ ነው። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን የልጁን ቀለብ ብቻ ሳይሆን ልጁና ወላጆቹ የሚጠያየቁበትንም አብሮ እንዲወስን ያዛል። የመጠየቁ መብት የአባትየው ብቻ አይደለም፣ የልጁም ነው። ሲመለስ ደግሞ «አባትህ ቤት ማን ነበረች? ምን አለችህ?» እያላችሁ እንደ ፖሊስ አትመርምሩት። በልቶ ይተኛ።

ሁለታችሁም ሥራ ውላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ «እሱ ጋ ነው»፣ «እሷ ጋ ነው» ስትሉ ልጁ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ይውላል። የት እንደሚጫወት ታውቃላችሁ? ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ እንደሚወርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው በዚያ ጎርፍ አልቋል፣ ስንት ሕፃናት ነበሩበት። ይሄን ያየ ከተማ ልጁን ለደቻቱ ይተዋል እንዴ?

እንግዲህ ሰኔ ሳያልቅ ቀን ቁረጡ። ከመቼ እስከ መቼ እሷ ጋ፣ ከመቼ እስከ መቼ እሱ ጋ፣ ማን ያደርሰዋል፣ ማን ይቀበለዋል፣ የትራንስፖርቱን ማን ይችላል፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት። እኩል ካልሆነ ብላችሁ አትጨቃጨቁ፣ ትንሽ ልጅ ከእናቱ አንድ ወር ተለይቶ ከሚያለቅስ ሳምንት ሳምንት ቢመላለስ ይሻለዋል። ከፍ ያለውን ጠይቁት፣ ኳስ ሊኖረው ይችላል፣ ቁርአን ወይም የቄስ ትምህርት ሊኖረው ይችላል። አያት ጋ ከሆነ የሚውለው አያትየዋን አስፈቅዱ፣ ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ላይ ሦስት ልጅ ጥላችሁ አትጥፉ። ፊት ለፊት መነጋገር ካቃታችሁ ትዳሩን ሊያስታርቁ የደከሙት ሽማግሌዎች አሉ፣ ለዚህም ይቀመጣሉ።

ዛሬ ማታ ደውሉ። ልጁ ከተኛ በኋላ ይሁን፣ ድምፃችሁ ከፍ ካለ እንዳይሰማ።