ይድረስ ለክቡር ዲቫይደር፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ ባለ አንድ ሽቦ

አድራሻ፦ ጅማ፣ ምንጣፍ ስር
ጉዳዩ፦ ከኢንዳክሽን ስቶቩ ላይ እጅህን እንድታነሳ ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከሽታህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤ የምጽፍልህ በቃል ብነግርህ ስለማትሰማ ነው፣ ጆሮ የለህማ፣ ቀዳዳ ግን አለህ እሱም ስድስት። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት ነን ቆጣሪው ደግሞ አንድ፣ እና የከሰል ዋጋ እንዲያ ሰማይ ሲነካ፣ ያውም የጅማ ዝናብ አንዴ ከያዘ ከሰሉም እንጨቱም ርሶ ትርፉ ጭስ ብቻ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ኢንዳክሽን ስቶቭ ታቅፎ መግባት ጀመረ። ጥሩ ነው፣ ማን ጠላ። የሚያናድደኝ ካርቶኑ ሳይከፈት የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ መሆኑ ነው፦ "ዲቫይደሩ የት አለ?" መስመሩ ይችለዋል ወይ የሚል የለም፣ አርዝ (ያመለጠ ከረንት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) አለው ወይ የሚል የለም፣ መመሪያውማ ስቶቩ ጠረጴዛ እንዳይቧጭር ተብሎ ከስሩ ይነጠፋል፣ ልክ አየር የሚስብበት ቦታ ላይ፣ ፋኑን ለማፈን ከዚህ የተሻለ ወረቀት አይገኝም።

ከዛ አንተ ትመጣለህ። ነጭ ለብሰህ፣ ቀይ መብራትህን አብርተህ፣ "ኦሪጅናል" የሚል ስቲከር ደረትህ ላይ ለጥፈህ።

ስቶቩን ስለማታውቀው ላስተዋውቅህ። ከመስታወቱ ስር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፣ በሱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ይመላለሳል፣ የግድግዳው መብራታችን 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ ልዩነቱን አንተው አስበው። ያ ሽቦ የሚፈጥረው ማግኔት ድስቱ ቂጥ ውስጥ ከረንት ይቀሰቅስና ድስቱ ራሱ ይግላል። መስታወቱ የሚሞቀው ከድስቱ በሚመለስለት ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ድስቱ ከወረደ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ያቃጥላል፣ ልጅ እንዳይነካው። ድስት ካልተጣደበት፣ ወይ የተጣደው ማግኔት የማይዘው አልሙኒየም ከሆነ፣ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይዘጋል። ይሄን ያህል ጠንቃቃ ዕቃ፣ ያለ ድስት አልሠራም የሚል ዕቃ፣ በመጨረሻ ነፍሱ አንተ እጅ ላይ ትወድቃለች፣ አንተ ደግሞ ማን ገባ ምን ያህል ጎተተ ብለህ አትጠይቅም። ሞልቶ እያለ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ እንደሚጣራ ባጃጅ ነህ።

እስቲ ሂሳብ እንተሳሰብ። ባለ አንዱ ስቶቭ 2000 ዋት ይላል፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፒር ገደማ። ሆድህ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ደግሞ 10 አምፒር ነው (እሱም እውነት ከሆነ፣ ሽቦህን ፈልቅቄ ሳየው እውነት አልመሰለኝም)። ስለዚህ ስቶቩ ብቻውን እንኳን አፋፍ ላይ አቁሞሃል። ከጎኑ የውሃ ማፍያው ይሰካል፣ እሱም 2000 ዋት ነው፣ 18 አምፒር ደረስን። ልብስ ሊተኮስ ነው ተብሎ ካውያው ተጨመረ። የእንጀራ ምጣዱን አላነሳሁትም፣ እሱ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚበላ ስሙን ስጠራው ራሱ ልትቀልጥ ትችላለህ። እና ሰው የማይገባው ምኑ መሰለህ፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን የሽቦህ ሙቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ቀዳዳህ ስድስት ይሁን አሥር ሁሉም ከግድግዳው የሚጠጣው በአንዷ ቀጭን ሽቦ ነው፣ እሷንም ረዘመች ብለው ጠቅልለው በላስቲክ አስረው ምንጣፍ ስር ይከቷታል፣ ሙቀቷን የምታወጣበት አጥታ እዛው ትበስላለች። አንተ ሳታፍር ደግሞ ወንድምህን ጠርተህ ጀርባህ ላይ ታስሰካዋለህ፣ ዲቫይደር በዲቫይደር።

የሁዳዴውን ነገር ረሳኸው እንዳትለኝ። ማታ ነው፣ ግቢው በሙሉ ድንገት ዓሣ ዓሣ ሸተተ። አከራያችን ማዘር ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ፣ "ማነው በሁዳዴ ዓሣ የሚጠብሰው?" ሰው ሁሉ ወጣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የዘላለም ክርክር ተነሳ፣ አንዱ በሌላው ጾም እንጂ በሁዳዴ አይሆንም አለ፣ አንዷ እናቴ ጋር ይበላ ነበር አለች፣ ክርክሩ ሲሞቅ ሽታው ባሰ፣ ጥርጣሬው ሁሉ መጨረሻ ያለው ክፍል የሚኖረው ተከራይ ልጅ ላይ ሆነና በሩ ተንኳኳ። ልጁ ሽሮ ነው የጣደው! ሽሮው ስቶቩ ላይ ተክ ተክ ይላል፣ አንተ ወለሉ ላይ ተጋድመሃል። የመብራት ዕቃ ፕላስቲክ ከመጠን በላይ ሲግል ብዙ ጊዜ የሚሸተው ዓሣ ዓሣ እንደሆነ ያን ቀን ግቢው ተማረ። ልጁ ደንግጦ ስፒናውን ሊነቅል ሲይዘው ጣቱን ለብልቦት ወደ አፉ ላካት፣ የጋለ ስፒና መቼም በእጅ አይነካም፣ መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ ነው፣ ውሃ መድፋትማ ጭራሽ። ሌላው ሮጦ ብሬከሩን አወረደው። ሲነቀል ቀዳዳህ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ሠርቷል፣ የስፒናው አንዱ እግር ጠቁሯል፣ ፕላስቲክህ አፉ ተንሻፎ ውስጥህ ያለው ላሜራ ላልቶ ይታያል። ማዘር ብቻ አልተዋጠላቸውም፣ "እና ዓሣው የታል?" እያሉ ገቡ።

በነጋታው ምን ተባለ? "አምስት ቀዳዳ ይቀረዋል።" ይኸው ነው ያንተ ነገር፣ ቀዳዳ ሲቃጠልብህ ጡረታ አትወጣም፣ በፕላስተር ይለጠፍብህና ሥራ ይቀጥላል።

ሌላው ጥፋትህ ደግሞ ሽታ እንኳን የለውም። የስቶቩን ስፒና አይተኸው ከሆነ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ብረት አለው፣ አርዙ እሱ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ ክብ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ከሶኬቱ ጎን ካሉት ላሜራዎች ጋር ይጨባበጣል። አንተ ግን ለሁሉም ዓይነት ስፒና እሆናለሁ ብለህ ፊትህን ጠፍጣፋ አድርገሃል፣ ስፒናው ፊትህ ላይ ይቀመጣል፣ የጎኑ ብረት አየር ላይ ይቀራል። ስቶቩ ውስጥ አንድ ቀን ሽቦ ተላቆ የብረት አካሉን ቢነካ ያ ከረንት መሬት የሚደርሰው በኛ በኩል ነው፣ በእርጥብ እጃችንና በባዶ እግራችን አድርጎ። የአንዳንዱ ቤት ግድግዳም ቢሆን ቅዱስ አይደለም፣ ሶኬቱ ያምራል ከጀርባው ግን የአርዝ ሽቦ የሚባል አልፎበት አያውቅም፣ ስለዚህ ስቶቭ ከመሰካቱ በፊት ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው፣ በካቻቢቴ ብልጭ ማለቱ በቂ ነው የሚለውን አትስሙ።

ኦ ማብሪያ ማጥፊያህንም ላንሳ። ሰው ወጡን ያወርድና ስቶቩን በራሱ ቁልፍ በማጥፋት ፈንታ አንተን ጠቅ ያደርግሃል። ስቶቩ እኮ ከጠፋ በኋላ ፋኑ እዝዝዝ እያለ ትንሽ የሚቆየው ወዶ አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ እያቀዘቀዘ ነው፣ አንተ በመሃል ስትቆርጠው ሙቀቱ እዛው ታፍኖ ዕቃውን ይበላዋል። ከዛ ሰው ስቶቩን ይሰድበዋል። መብራት ሲሄድም እንደዛው፣ ሁሉም ዕቃ እንደተሰካ ሁሉም እንደበራ ይቀመጣል፣ መብራት ሲመጣ ፍሪጁም ስቶቩም ምጣዱም እኩል ዘለው ይጎትታሉ፣ ቮልቴጁ በዛች ደቂቃ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ቀድሞ የሚሞተው ባለ ኤሌክትሮኒክሱ ስቶቭ ነው። መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ሲመጣ ትንሽ ጠብቆ መሰካት፣ ይቺ ምን ታስከፍላለች?

ይሄ የሚያሳዝነኝ ምን ላይ መሰለህ፣ ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አለን። ተራራ ተፈልፍሎ፣ ወንዝ ታግዶ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ ተተክሎ የመጣ ኃይል የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ አንተን ያገኛል። አንተን!

ጠበቆችህን አውቃቸዋለሁ። "ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት ምንም አላለኝም" የሚለው አንዱ ነው። ከሱ የሚብሰው ግን የአከራያችን ልጅ ነው፣ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ እየወደቀ አስቸገረ ብሎ ባለ 16 አምፒሩን አውጥቶ ባለ 32 ገጠመበት፣ ግድግዳው ውስጥ ያለችው ሽቦ ግን ያችው ባለ 2.5 (ውፍረቷ በካሬ ሚሊ ሜትር) ናት፣ አልተነካችም። ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦዋን ለማዳን ነበር። አሁን አይወድቅም፣ ግቢው ሰላም ሆነ ተብሎ ቡና ተፈልቶለታል።

ቡና ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ላይ ላንተ ልፍረድልህ፣ የጀበናው ጉዳይ ያንተ ጥፋት አይደለም። የቡና አገር ጅማ ላይ ስቶቭ ገዝተው ጀበና ጥደው ጢጥ ጢጥ ሲላቸው "የተበላሸ ነው የሸጡልን" ብለው አንተን የቀጠቀጡህ አሉ። ሸክላ ማግኔት አይዘውም፣ በቃ። ከስሩ የብረት ዝርግ ላድርግበት የሚልም አለ፣ ብረቱ ይግልና መስታወቱን ያንገበግበዋል፣ ጀበናው በከሰሉ ይቀጥል። ለድስቱ ማግኔት ይዞ ገበያ መውጣት ነው፣ ቂጡ ላይ ጥብቅ ካለ ይገዛል፣ ካላለ ይመለሳል። ጽዳቱም ቢሆን ካንተ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይነካውም፣ ድስት አይጎተትበትም፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ከብሬከሩ አጥፍቶ መተው ነው፣ በስንጥቁ የገባ ወጥ ከውስጥ መብራት ያገኛል።

አሁን ወዳስፈራኝ ነገር። ለጎረቤታችን እህቷ ከውጭ ባለ አራት ምድጃውን ኢንዳክሽን ከነኦቭኑ ላከችላት፣ ሲያዩት ያስጎመጃል። ካርቶኑ ተከፈተ፣ ሽቦው ወጣ፣ ስፒና የለውም። "መንገድ ላይ ቆርጠው ወስደውት ነው" ተባለ፣ ተረገሙ፣ ሌቦች ተባሉ። ኧረ ማንም አልነካውም! ሆን ተብሎ ነው ያለ ስፒና የሚመጣው፣ ከ7000 ዋት በላይ ስለሚጎትት በስፒና አይሰካም፣ 32 አምፒር ብሬከር ብቻውን፣ ባለ 6 ሽቦ ብቻዋን፣ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ ወደሱ፣ ያውም ቆጣሪው ይችለው እንደሆነ ከተጠየቀ በኋላ፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ መሆናችንን ነግሬሃለሁ። ግድግዳ ላይም ይታሰራል፣ ልጅ የኦቭኑ በር ላይ ሲንጠለጠል እንዳይገለበጥ። እኔ ይሄን እያስረዳሁ አንዱ ምን አለ መሰለህ፣ ጠጋ ብሎ ሽቦውን በእጁ መዘነና፣ "ስፒና ገዝተን ብንገጥምለትስ፣ ዲቫይደሩ አለ አይደል?" ያኔ አንተን አየሁህ። ቀይ መብራትህ በርቶ ነበር፣ እምልልሃለሁ ደስ ብሎህ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እንስማማ። ስልክ ቻርጀር ያንተ ነው፣ ቲቪም ዲሽም ያንተ፣ የጠረጴዛ መብራት ውሰድ፣ ጸጉር መቁረጫ ማሽንም ምረቃ። የሚሞቅና የሚያሞቅ ነገር ግን ካንተ ጋር አይወራም። ለባለ አንዱ ስቶቭ ከብሬከር ሳጥን የራሱ 2.5 ሽቦ ከነአርዙ ይዘረጋለታል፣ የራሱ 16 ብሬከር፣ አንድ ጎድጓዳ ሶኬት፣ የሚሠራውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ በምሳ ሰዓት ብቅ የሚለው የሁሉ ጎረቤት አይደለም። ግድግዳው ላይ ስቶቩ ከሚቀመጥበት ራቅ ተደርጎ ይገጠማል፣ እንፋሎትና ዘይት እንዳይደርሰው።

ፊርማ፦ ከግቢው ተከራዮች አንዷ

ግልባጭ፦
ለማዘር፣ ዓሣ እንዳልነበረ እንዲያውቁት
ለጎረቤታችን፣ ስፒና መግዛቱ ይቁም
ለአከራያችን ልጅ፣ ያወጣኸው 16 ብሬከር አንተ ጋር ነው፣ እስከ ነገ ማታ ይመለስ