ፋይል የማይጠፋበት መዝገብ ቤት

የመንግሥት መዝገብ ቤት ፋይል ይጠፋል። ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ «ነገ ይምጡ»፣ ነገ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በመጨረሻ «ፋይልዎ አልተገኘም»። የኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ግን እንዲህ ያለ ስንፍና አያውቅም። አምና የውኃ ያልከፈለው ማን ነበር? ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የዕዳው መጠን። ሰውየው በማግስቱ ከፍሏል። ይክፈል! ዝርዝሩ ግን እንደተለጠፈ አለ።

እንዲህ ያለ ሥራ አመስጋኝ አጥቶ መቅረቱ ያሳዝናል።

እኔ በተለይ የማደንቀው የወደቀ መታወቂያ የምንመልስበትን ጥበብ ነው። አንድ ደግ ሰው ታክሲ ውስጥ የፋይዳ ካርድ ያገኛል። ፖሊስ ጣቢያ መስጠት ይችላል። ግን ፖሊስ ጣቢያ ማን ያይለታል? ስለዚህ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለቅቀዋል። ጉርድ ፎቶው፣ የልደት ቀኑ፣ ኪውአር ኮዱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ከሥሩ «ሼር በማድረግ ለባለቤቱ አድርሱለት» የሚል አለ። ይደረጋል። ከእኛ ግሩፕ ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ ቤት ሻጭና ገዢ፣ ከዚያ ወደ ያገለገሉ ዕቃዎች። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ስለሚይዝ ደግነታችን ቦታ አያጥረውም። ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው፤ ባለ 12 አሃዙ በምስጢር የሚያዝ፣ ባለ 16 አሃዙ ለአገልግሎት የሚሰጥ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አድልዎ የለም። ያገኘነውን ሁሉ እንለጥፋለን። ካርዱ ባለቤቱ ጋ ይድረስ አይድረስ እንጃ። መረጃው ግን ሁሉም ጋ ደርሷል።

ሰው ሲታመምማ ለጋስነታችን ይብሳል። ጎረቤታችን ታመመች፣ መዋጮ ተጀመረ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሯ ይበቃ ነበር። ግን የሚጠራጠር አይጠፋም ተብሎ የሐኪም ወረቀቷም ወጣ። የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ አልትራሳውንዱ ሳይቀር። ገንዘቡ ተሟላ፣ እሷም ተመስገን ድናለች። ዛሬ ደረጃ ላይ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረምሳ «እንደምን አደርሽ» ከማለቱ በፊት የዕጢዋን መጠን በሴንቲሜትር ያውቃል። የድሮ ሰው ፈጣሪን «ገመና ከታች» እያለ ያመሰግን ነበር። ግሩፓችንን አላየማ!

ትናንት የገባው ተከራይም ቢሆን ከእኛ እኩል ታሪክ አዋቂ ነው። አድሚናችን አንዲት ቁልፍ ቢነኩ አዲስ አባል የቆየውን ወሬ አያይም ነበር። አልነኩም። እንግዳ ተቀባይ ናቸው። ተከራዩ ከፈለገ የሦስት ዓመቱን ጨዋታ እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ አውርዶ ቤቱን ለቆ መሄድ ይችላል። «ለፋሲካ አገር ቤት ነን፣ ቤታችንን እያያችሁ» የሚለውንም ጭምር።

በር እንዲህ ወለል ብሎ ከተከፈተ ደግሞ ገቢው ብዙ ነው። በየሳምንቱ አንዲት ቆንጆ ልጅ ብቅ ትልና በ5,000 ብር ቢትኮይን ጀምራ በሦስት ቀን 60,000 እንዳገኘች ታበሥረናለች። ፎቶዋ ይለያያል፣ ትርፏ ግን አንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሃምስተር የሚባል ጨዋታ መጣና የቤት ኪራይ ማስታወቂያ በአይጥ ሊንክ ተዋጠ። «ይህን ለ10 ሰው ላክ» የሚለውማ ነባር አባላችን ነው።

ከሁሉም የሚያኮራን ግን «የእህቴ ልጅ ለሥዕል ውድድር ቀርባለች፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚለው ነው። አዛኝ ሕዝብ ነን። ሊንኩን እንጫናለን፣ ስልካችንን እንሞላለን፣ የመጣውን ኮድ፣ ማለትም የቴሌግራማችንን ቁልፍ፣ እናስገባለን። በማግስቱ በዕድሜያቸው ከሰው አምስት ብር ተበድረው የማያውቁ እናት በግሩፑ ላለነው ሁሉ «ልጄ፣ አስቸኳይ ነው፣ እስከ ማታ 20,000 ብር» ብለው ይጽፉልናል። ደውሎ የጠየቀ የለም። ሁለት ሰው ግን ልኳል።

በፈረንጆች 1978 አንድ የኮምፒውተር ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንዴ ላከ። የመጀመሪያው አይፈለጌ መልእክት እሱ ነው ይባላል። ተቀባዮቹ ተቆጡ፣ ሰውየውም ተገሠጸ። ምስኪን። እኛ ጋ ቢሆን «ወንድም፣ ዋጋውን ኢንቦክስ» ይባል ነበር።

አድሚናችን ታጋሽ ናቸው። ማስታወቂያ አይሰርዙም፣ ዝርዝር አያጠፉም። ከግሩፑ ያስወጡት ሰው ቢኖር አንድ ልጅ ነው። «ስልኬንና የእናቴን መታወቂያ አጥፉልኝ» አለ። ቢደግመው «ግሩፑን በግል ጉዳይ አታጨናንቅ» ተባለ። ሲሠልስ ወጣ። መታወቂያው አለ።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት መድቦታል። አዋጆቹን አንድ የሕግ ተማሪ በፒዲኤፍ ለጥፎልን ነበር። ወዲያው ከሥሩ የሶፋ ማስታወቂያ መጣ። ሶፋው አስተያየት በዛበት። ኤል ቅርጽ ነው።

አድሚናችን ለራሳቸው ግን ቁጥብ ናቸው። ስልካቸው አይታይም። ፎቷቸው አደይ አበባ ነው። መቼ እንደገቡ ቢታይ «በቅርቡ» ብቻ ይላል። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አላቸው። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ለልጃቸው «ፕራይቬሲ ውስጥ ግባና ስልክ ቁጥር የሚለውን 'ማንም እንዳያየው' አድርገው» ሲሉ ሰምቻለሁ። (ሊፍቱ ያን ቀን ይሠራ ነበር።) ዕውቀቱ እንዳላቸው ያኔ ገባኝ። በእኛ ላይ አላባከኑትም እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ግን አጭበርባሪ በዛ ብለው ተቆጡና ጠንከር ያለ ማስታወቂያ አወጡ፦ «ግሩፑን ከሐሰተኛ አካውንት ለማጽዳት ሁሉም ነዋሪ እስከ እሑድ የመታወቂያውን ፎቶ ከፊትና ከኋላ እዚሁ ይልቀቅ። ያልላከ ይወገዳል!» እስከ ማታ ግማሹ ሰው ልኳል። ማስታወቂያውን በልብ የወደዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ የቢትኮይኗ ልጅ ናት።