መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሰዓት ያዙ

ፍሬኑ በአየር ግፊት የሚሠራውን ቤት-መኪናችሁን ማታ ስታቆሙት የአየር ጌጁ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ነበር። ጠዋት ስትገቡ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ሞተር ታስነሳላችሁ፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ አየር እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። መካኒክ ስትጠይቁ «ያረጀ መኪና አይደል? ማፍሰሱ አይቀርም» ይላችኋል።

ይህ መልስ አይዋጥልኝም። ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው ትልቁ ቤት-መኪና፣ ወራት ሙሉ ቆሞ ይከርማል። ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ይደርቃል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌሊቱን ትንሽ አየር ቢቀንስ አይገርመኝም። ግን ትንሽ ማለት ስንት ነው? እሱ በግምት አይመለስም፤ ይለካል።

መለኪያው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። አየሩ ሲሞላ ሞተር አጥፉና የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ2 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን ጥብቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ያዙ። ስትረግጡ የሚወርደውን ተዉትና መርፌው ከረጋ በኋላ ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ3 ካለፈ መኪናው መንገድ አይውጣ። ግፊቱ ወደ 60 ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ከ45 እስከ 20 ባለው መሃል ደግሞ በአየር ግፊት ታምቆ የነበረው የፍሬን ስፕሪንግ ራሱ ፍሬኑን ይይዛል። ይህ ቁልቁለት ላይ ቤተሰብ ጭናችሁ ሲሆን አስቡት።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን በግምት ዕቃ መቀየር ነው። የእኔ መኪና ከኋላ ካለው የሪሌ ቫልቭ (ፔዳል ሲረገጥ አየር ወደ ኋላ ፍሬኖች የሚያስተላልፈው) መተንፈሻ አየር ያፈስ ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት፣ ቫልቩ በአዲስ ተቀየረ። የሚያፈሰው አየር ድምፅ ግን እንዳለ ነው! በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእጅ ፍሬኑን ስይዝ ድምፁ ቀጥ ይላል፣ ስለቀው ይመለሳል። ቫልቩ ምንም አላጠፋም። የእጅ ፍሬን ሲለቀቅ አየር ወደ ፍሬን ቻምበሩ (ጎማው አጠገብ ፍሬኑን የሚገፋው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ) የስፕሪንግ ክፍል ይገባል። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለችው ጎሚኒ ካለቀች አየሩ የፔዳሉ አየር ወደሚገባበት ወደ ወዲያኛው ክፍል ይሾልካል፤ በፔዳሉ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ በቫልቩ ይወጣል። ድምፁ የሚሰማበት ቦታና የተበላሸው ዕቃ ለየቅል ነበሩ። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ የእጅ ፍሬኑን ሁለቴ መሳብና መልቀቅ ብቻ ነው።

ጌጁም ብዙ ይናገራል። መርፌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የኋላውን፣ ሌላው የፊቱን መስመር ያሳያሉ። አንዱ ብቻ ከወረደ ፍለጋችሁ በግማሽ ቀነሰ። ሁለቱም ወርደው 65 አካባቢ ላይ ቀጥ ካሉ ደግሞ ጥሩምባውን፣ የአየር ወንበሩንና የአየር ስፕሪንጉን (የመኪናውን አካል የሚሸከመውን በአየር የተሞላ ከረጢት) ፈትሹ። ብዙ ጊዜ እነዚህን የሚለይ መከላከያ ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ሲወርድ የፍሬኑን አየር ለማትረፍ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ነው የሳሙና ውሃው ተራ። ጄኔሬተሩን አጥፉ፣ ጸጥ ይበል። መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋውን ታገኙታላችሁ። ስር ስትገቡ ግን የመኪናው አካል በጠንካራ ድጋፍ ይያዝ። የአየር ስፕሪንጉ ከተነፈሰ አካሉ እላያችሁ ላይ ይወርዳል።

የስፕሪንግ ቻምበሩን ደግሞ በፍጹም አትክፈቱ። ውስጡ የታመቀው ስፕሪንግ ሰው ይገድላል። ሙሉ ዕቃው በሚያውቅ ሰው ይቀየር።

ጋራዦችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደረሰኙ ላይ ከዕቃው ዋጋ ጎን ሁለት ቁጥር ጻፉልን፦ ከጥገናው በፊት በደቂቃ ስንት ይወርድ ነበር፣ አሁንስ ስንት?