አደጋ የማያውቀው ካባ

በጎጃም ድንጋይ በሚፈለጥባቸው ካባዎች ውስጥ ለሠራተኛ ደኅንነት ደንታ የለም እያለ የሚያማ ሰው አንድ ነገር አምልጦታል፤ በጉብኝት ቀን መጥቶ አላየም። ከወረዳ ወይም ከዞን እንግዳ ይመጣል የተባለ ዕለት ካባችን የሙሽራ ቤት ይመስላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄልሜት ይታደላል፤ ቢጫው፣ ነጩ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠው ጭምር። ከመዶሻ በቀር በእጁ ሌላ ነገር አስገብቶ የማያውቅ ልጅ ጓንት ያጠልቃል። ጓንቱ አዲስ ስለሆነ ጣቱ አልታጠፍ ይለዋል፣ መዶሻውን መያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ቆሞ እንግዳ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ማንም የማይጎዳበት ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ማንም አይሠራም።

«ደኅንነት ይቅደም» የሚለው ባነር የሚሰቀለው አፋፉ ላይ በተተከሉ ሁለት እንጨቶች ነው። እንጨቶቹን የሚተክለው ልጅ ወገቡ ላይ ገመድ የለውም፤ አንድ እግሩ መሬት፣ ሌላው አየር ላይ ነው። ፎቶ ይነሣል። «ባየነው ነገር በጣም ተደስተናል፣ ተጠናክሮ ይቀጥል» ይባላል። የእንግዶቹ መኪና ያስነሣው አቧራ ሳይቀመጥ ሄልሜቱ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል፣ መጋዘን ገብቶ ይቆለፍበታል። ንብረት እንዲህ የሚጠነቀቅለት ሥራ ቦታ ሌላ የት አለ? የሰው አናት ቢፈነከት ታጥቦ፣ በጨርቅ ታስሮ ይድናል፤ ሄልሜት ቢሰነጠቅ ግን ንብረት ክፍል ምን ብሎ ያወራርደዋል?

ዋናው ጥበባችን ግን አቆፋፈራችን ላይ ነው። የማዕድን መሐንዲሶች አንድ የተንዛዛ ልማድ አላቸው። ሥራ የሚጀምሩት ከላይ ነው። መጀመሪያ አፈሩን ይገፍፉና ከአፋፉ ያርቁታል፤ ከዚያ አንድ እርከን ይቆርጣሉ፣ ሜዳ ይተዋሉ፣ እንደገና ሌላ እርከን። ከላይ የተፈታ ድንጋይ ቢኖር ሜዳው ላይ ያርፋል እንጂ ታች ያለው ሰው ትከሻ ላይ አይወርድም። እኛ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለንም። ከሥር እንገባለን። ግድግዳውን ከእግሩ በዲጂኖ እንቦረብረዋለን፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ራሱ ይወርዳል። ናፍጣ አልወጣበት፣ የመሐንዲስ አበል አልወጣበት። ትንሽ ጉድለት ቢኖርበት መቼ እንደሚወርድ አስቀድሞ አለመናገሩ ብቻ ነው።

ጎጃሜ እርከን የት ያውቃል የሚል ካለ ተሳስቷል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ቀበሌው ነቅሎ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ተዳፋቱን በክር ለክቶ፣ ውኃ ልኩን ጠብቆ፣ እርከን በእርከን አድርጎት ይመለሳል። ያው ሰው ያንኑ ዶማ ይዞ መጋቢት ላይ ካባ ይወርድና ከሥር መቦርቦር ይጀምራል። እፍኝ አፈር ተንሸራታ ሱዳን እንዳትገባ ወር ሙሉ የለፋ ሰው፣ ሃያ ክንድ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ ቆሎውን ይቆረጥማል። የአገሬ ሰው ለአፈር ያለው ርኅራኄ ያስቀናል።

ይህ አልበቃ ያለው ደግሞ ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ይይ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጂፕሰሙና በቀላሉ የሚሟሟው ንጣፍ፣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩ። ለሲሚንቶ ኖራ ድንጋይም ጂፕሰምም ያስፈልጋል፤ ደጀን ሁለቱንም ከደጇ አላጣችም፣ ፋብሪካም አላጣችም። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ለስላሳው ከሥሩ ታጥቦ ሲያልቅ ገደሉ የሚቆምበት አጥቶ ይናዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ያለውን አስፋልት ክረምት ሲገባ የሚሰነጥቀውና የሚያንሸራትተው የዚህ ሸለቆ ጠባይ ነው፤ በዚያ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። አስፋልቱ የተንሸራተተ ጊዜ «መሬቱ ከሥር ተበልቷል» እንላለን። ካባ የተናደ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። መሬት መንገድ ሲያበላሽ ሳይንስ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ላይ ሲወርድ ዕጣ ፋንታ ነው።

ስለዚች «ቀኑ ደርሶ» ስለምትባለው ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ከምርታችን ሁሉ ጥራቷን የጠበቀች እሷ ናትና። አንድ ካባ እንውሰድ፤ ስሙ ምን ያደርጋል። ሰኞ ዕለት ከአፋፉ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው ያየው። ለካቦው ነገረው፤ ካቦው «ፍየልህን ጠብቅ» አለው። ረቡዕ ስንጥቁ እጅ አስገባ። ሐሙስ እግር። ዓርብ ጉብኝት ስለነበር፣ እንግዶቹ እንዳያደናቅፋቸው ተብሎ በአፈር ተደፈነና በእግር ተረገጠ። ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ። የተፈታ አፈር ውኃ እንደሚጠጣ፣ የጠጣ አፈር እንደሚከብድ፣ የከበደ ደግሞ ሥሩ ወደተቦረቦረበት እንደሚያዘነብል የዚያ አገር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ቀኑ ደረሰ።

ልቅሶው ላይ ጉድለት አልነበረም። ድንኳን በሰዓቱ ተተከለ። ከቢሮ የመጡት ሰውዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እግዜር የወሰነውን ሰው አይመልሰውም» አሉ፤ ቤተሰቡም «እሱስ ልክ ነው» አለ። የቅኔ አገር ሰዎች አይደለን? ሰሙን ለልቅሶ ቤት አከፋፈልን፤ ወርቁ ስንጥቁ ውስጥ ከአፈሩ ጋር ተደፍኖ ቀረ። በማግሥቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያሉ የሚተርቱ ሰዎች በእኛ አይፍረዱ፤ የእኛ ውሻ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ማኅተም ያደርጋል፣ ግልባጭ ይልካል።

ስለ ምርት አስተዳደራችንም ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሁሉም ነገር በካቦው ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ ታርጋ፣ ቢያጆ (መኪናው ጭኖ የወጣበት ምልልስ)፣ ፊርማ። የሚበላውም የሚጠጣውም በቢያጆ ነው። ሲኖትራኮቹ ከንጋት ጀምረው ይሰለፋሉ፤ ድንጋዩ አልተዘጋጀም፣ ሎደሩ ናፍጣ የለውም፣ ናፍጣ ሊያመጣ የሄደው ልጅ ስልክ አያነሣም። እስከ አምስት ሰዓት ሻይ ይጠጣል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን ጉድ ነው! የጠዋቱ ሁሉ ቢያጆ ከምሳ በፊት መውጣት አለበት። ድማሚቱ ይጮሃል፤ ሌላው ዓለም ጭሱና አቧራው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ባለሙያው ብቻውን ገብቶ ያልፈነዳ መኖሩን ያያል፣ የተንጠለጠለው ድንጋይ ከማይደርስበት ቦታ ሆኖ በረጅም ብረት ያወርደዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ሰው የሚገባው። የእኛ ጫኞች ከጭሱ ጋር ተጋፍተው ይገባሉ። ሁለቱ ሲያስሉ ካቦው «እናንተ ጀግኖች!» ይላል፤ ያለ ምርቃት አይውልም።

እንዲህ የተገኘችው ግማሽ ሰዓት ደብተሩ ላይ አንዲት ተጨማሪ ቢያጆ ሆና ትሰፍራለች። ግድግዳው ወርዶ የሎደሩን መንገድ ከዘጋ በኋላ የሚባክነው ቀን ግን ዓምድ የለውም። ገጹ ነጭ ሆኖ ይታለፋል። ባለሀብቱ በወሩ መጨረሻ ነጩን ገጽ አገላብጦ «ሠራተኛው ሰነፈ» ይላል፣ ቢያጆውን ከፍ ያደርጋል፣ ከሥር የሚቦረብረውም በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አንድ ሰው አፋፉን ዞሮ ስንጥቅ ቢያይ፣ ዛሬ ማን የት ይቆማል፣ ፊሽካ የሚነፋው ማን ነው፣ መኪና በየት ገብቶ በየት ይወጣል ብሎ ሰብስቦ ቢነጋገር ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሲኖትራኩም እስከ አምስት ሰዓት አይቆምም ነበር። ግን ሩብ ሰዓት ከየት ይምጣ? ሻይ አለ።

አቧራውን በተመለከተ ፎጣ አለን። አፍና አፍንጫ ላይ ትታሰራለች፣ ማታ ትራገፋለች። ሳንባ የሚያደርቀው የአሸዋ ድንጋይ ብናኝ ለዓይን የማይታይ፣ በፎጣ ክር መሐል እንደ ልቡ የሚያልፍ መሆኑን፣ አንዴ ሳንባውን ካደነደነው በኋላ ደግሞ የሚመልሰው መድኃኒት አለመኖሩን ሐኪሞች ይናገራሉ። ሲሰረስሩ ውኃ ማርከፍከፍ ብናኙን እዚያው ያስቀረዋል ይላሉ። ውኃውንማ ጉብኝት ቀን እናርከፈክፋለን፤ የእንግዶቹ ጫማ እንዳይቆሽሽ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉም ተሟልቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀም ይላል። የእኛ ሠራተኛ ይህን አንድም ቀን ጥሶ አያውቅም፤ ያልተሰጠውን እንዴት አድርጎ ያለአግባብ ይጠቀመዋል? ሕይወቱን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም አዋጁ ፈቅዶለታል። እዚህ ላይ እንኳ ካቦዎቻችን ከሕጉ ቀድመዋል፤ «ካልተመቸህ በሩ ያውልህ» የምትለውን ቃል አዋጁ ሳይወጣም ይሏት ነበር።

ይኸው አዋጅ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ሁሉ እንዲመዘገብና ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲነገር ያዛል። በዚህ በኩል ካባችን እንከን የለውም። ከተከፈተ ጀምሮ አንድም አደጋ አልተመዘገበም። ባለፈው ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት የአደጋ መመዝገቢያ የሚሆን ጥራዝ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ መስመሩ የተሰመረ፣ ተልኮልን ነበር። የካቦው ደብተር በዚያው ሳምንት ስላለቀች ጥራዙ ሥራ ላይ ዋለ። አሁን «የተጎጂው ስም» በሚለው ዓምድ ሥር የሲኖትራኮቹ ታርጋ ተጽፏል። «የጉዳቱ ዓይነት» በሚለው ሥር ጠጠር 02። «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሥር ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ቀሪ ሒሳብ አለበት»።