አናባቢ የሚገዛበት ጨዋታ

እናቴ ከደሴ ሜሪላንድ ከመጣች ወዲህ ማታ ማታ የማታልፈው አንድ ፕሮግራም አለ። ዊል ኦፍ ፎርቹን የሚባል፣ ሰሌዳ ላይ የተደበቀ ቃል ፊደል በፊደል የሚገመትበት የቴሌቪዥን ጨዋታ። እንግሊዝኛዋ ብዙ አይደለም። ግን ኤቢሲዲን ታውቃለች፤ ሰሌዳው ላይ ፊደል ብቅ ሲል ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ልጆቼ ከጎኗ ተቀምጠው ቃሉን ቀድሞ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ።

አሜሪካ ሁሉ ነገር ቶሎ የሚቀያየርበት አገር ነው። ሱቁም፣ ጎረቤቱም አይከርምም። ይህ ጨዋታ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 በኤንቢሲ ጀምሮ ዛሬም አለ። ሐሳቡ የቴሌቪዥን ሰው የነበረው የመርቭ ግሪፈን ነው። ልጅ እያለ ረጅም መንገድ በመኪና ሲሄዱ ከእህቱ ጋር ፊደል እየገመቱ ቃል የማግኘት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ያንን የልጅነት ጨዋታ ወስዶ የገንዘብ መጠን የተጻፈበት መንኮራኩር ጨመረበት። መጀመሪያ አካባቢ አሸናፊው ገንዘቡን ይዞ አይሄድም ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ከተደረደረው ዕቃ መርጦ ይገዛበታል።

ፓት ሳጃክ በ1981 መጨረሻ አቅራቢነቱን ያዘ፤ በ2024 በቃኝ ብሎ ለራያን ሲክረስት እስኪያስረክብ አልለቀቀም። ቫና ዋይት በ1982 መጣች፤ እሱ ሲወጣም እሷ ቀረች። ድሮ ፊደሎቹን በእጇ ታገላብጥ ነበር። ከ1997 ወዲህ ግን ሰሌዳው ስክሪን ነው። የሰው ፊት እንዲህ ሲቆይ አያትና የልጅ ልጅ የሚያወሩት የጋራ ነገር ያገኛሉ። እኛም አባባ ተስፋዬ ነበሩን። አርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩ። ቦታቸው እስከ ዛሬ ባዶ ሆኖ ይታየኛል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የጨዋታው ሕግ ነው። ተነባቢ ለመጥራት መንኮራኩሩን ታሽከረክራለህ። አናባቢ ግን በነፃ የለም፤ በ250 ዶላር ይገዛል። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ «አያቴ፣ በአማርኛስ አናባቢ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ግራ ገባት። እውነቷን ነው። የኛ አናባቢ ከፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። «ቡ» ስትል ሁለቱንም አንድ ላይ ብለሃል።

እኔ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። በማግስቱ ካርቶን ቆርጠን ሞከርነው። ተጫዋቹ ቤቱን ይጠራል፤ «የመ ቤት!» ይላል። መ ካለበት በግዕዙ ይጻፍለታል። ቀጥሎ በቆሎ ፍሬ እየከፈለ ካዕብ ነው ራብዕ እያለ ይጠይቃል። ለምሳሌ «ሰላምታ» ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ «ሰለመተ» ሆኖ ይወጣል። ራብዕ ሲገዛ ላ እና ታ ይመጣሉ። ሳድስ ሲገዛ ም ይመጣል፤ ቃሉ ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስጠናለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቻቸዋለሁ! በቆሎ ሲሆን ግን በሁለት ሳምንት ሰባቱንም ስም በቃላቸው ያዙት።

እናቴ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት። «እንቆቅልሽ!» አለች። «ምን አውቅልሽ» በሉ ብላ አስተማረቻቸው። «ቀን ሲሄድ ይውላል፣ ሌሊት ሲሄድ ያድራል፤ ደከመኝ አይልም።» ልጆቹ መኪና አሉ፣ ሰዓት አሉ፣ ሳተላይት ያለም አለ። ወንዝ ያለ ግን አልነበረም።

«በሉ አገር ስጡኝ» አለች።

ይህን ሕግ ማስረዳት ነበረብኝ። በኛ ጨዋታ ያወቀ ሰው ብር አይሸለምም፤ ያላወቀ ነው አገር የሚሰጠው። አገሩን ከሰጠ በኋላ መልሱ ይነገረዋል። ትልቁ ልጄ «ሲልቨር ስፕሪንግ» አላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «እሷስ የናንተው ናት፣ አልነጥቃችሁም። ሌላ ስጡኝ።»

ተያዩ። ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ትንሿ፣ አንዴም ረግጣው የማታውቀውን አገር፣ «ደሴን ሰጥተንሻል» አለቻት።

እናቴ ወዲያው አልመለሰችም። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ «ወንዝ ነው» አለቻቸው፤ ስለ ቦርከናም ትነግራቸው ጀመር።