ይድረስ ለክቡር «አንዴ»

ጉዳዩ፦ አምስት ፊደል ስላስቀሩብኝ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ሦስት ጣቶቼ በመርፌ ከመወጋታቸው በቀር ደህና ነኝ። ናፍቀውኛል እንዳልል በየአሥር ደቂቃው እንገናኛለን። በበዓል ሰሞንማ ከቤቴ ወጥተው አያውቁም። «አንዴ ነይማ።» «አንዴ ይቺን ያዢልኝ።» «አንዴ ስልኬን አይተሻል?» በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ ኪራይ ግን አይከፍሉም።

የምጽፍልዎ ስለ ድሮው አይደለም። የድሮውን ላንሳ ካልኩ አናመሽም፣ እናነጋለን። ስለ ሰሞኑ ነው።

ለአማቴ የትራስ ልብስ እየጠለፍኩ ነበር። ነጭ ጨርቅ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ በቀይ ክር «እንኳን አደረሰዎ»። በቃ፣ ዘጠኝ ፊደል። በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው ነው የጀመርኩት፤ «ዘንድሮስ አልቻኮልም» ብዬ። በሁለት ወር ሕፃን ልጅ እንኳ ፊደሉን ቆጥሮ ይጨርሳል።

ቅጠሎቹ ቶሎ አለቁ። «እ» አለቀች። «ን» አለቀች። «ኳ» ግን ያቺ እግሯ ሥር ያለችው ጭረት እየተጣመመችብኝ ሁለቴ ተፈታች፤ ብቻዋን ሦስት ምሽት በላችብኝ። ከዚያ ሁለተኛዋ «ን»። ከዚያ በዓሉ ደረሰ። እርስዎም ደረሱ።

የዋዜማውን ሌሊት ላስታውስዎ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። መብራቱን ወደ ትከሻዬ አስጠጋሁ። የጥልፍ ክር፣ ካላወቁ ልንገርዎ፣ ስድስት ቀጫጭን ዘለላ አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔ የምሠራው በሁለት ዘለላ ነው። ስለዚህ ክንዴን ያህል እቆርጣለሁ። አንዱን ዘለላ ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን ባንዴ ከሳብኩ ይተበተባል። ከዚያ አጣምሬ፣ ጫፉን በምራቄ አርጥቤ፣ ዓይኔን አጥብቤ በመርፌው ቀዳዳ አሾልካለሁ። በሦስተኛው ሙከራ ሾለከ። የ«አ»ን የግራ እግር ጀመርኩ። አንድ ስፌት። ከሥሩ ሁለተኛ ስፌት። ሦስተኛውን ልወጋ ስል ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ።

«አንዴ፣ ቻርጀሩ የት ነው?»

ተነሳሁ። ቻርጀሩ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ስመለስ መርፌው የለም። ነገ እንግዳ ጫማውን አውልቆ የሚገባበት ቤት ውስጥ መርፌ ጠፍቶ እንዴት ይተኛል? በጉልበቴ እየዳኽኩ በስልክ መብራት ምንጣፉን ዳሰስኩ። አርባ ደቂቃ። ቀሚሴ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ያኔ ዓይኔም ጉልበቴም ከድተውኝ ነበር። መርፌውን ከጥልፉ ጠርዝ ላይ ሰክቼ፣ ጥልፉን የታጠበ ልብስ ሥር ደብቄ ተኛሁ። ለሚቀጥለው በዓል ይደርሳል አልኩ።

በማግስቱ ቤቱ ሞልቷል። አማቴ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ቆይቶ «እንግዲህ እኔ ነገ በጠዋት ልሄድ ነው» አሉ። ባለቤቴ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «እማዬ፣ ሳታዪውማ አትሄጂም! ምን እንደሠራችልሽ ብታውቂ!»

ከልብሱ ሥር ጎትቶ አወጣው። የሚወጥረው ክብ እንጨት እንኳ አልወለቀም። መርፌው ጠርዙ ላይ እንደተሰካ ነው። አማቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ጮክ ብለው አነበቡ።

«እንኳን።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ቀይ ስፌቶች ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ቁርጥ ሁለት ነጥብ መስለዋል። ቃሉ እዚያ ላይ ያበቃ ነው የሚመስለው። አማቴ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። ጀርባውን! ጥልፍ የሚያውቅ ሰው የጥልፍ ጀርባ ለእንግዳ እንደማይታይ ያውቃል።

«እንኳን ምን?» አሉ።

ከጥግ አንዱ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው።

«አላለቀም እኮ፣ እማዬ። "አደረሰዎ" ሊል ነው።»

«አይ ልጄ፣ ገብቶኛል።»

አንባቢዋ እሳቸው፣ ያፈርኩት እኔ፣ ሥራው ግን የእርስዎ ነው።

ሌላውን ባጭሩ። የጨርቅ መቀሴን «አንዴ ልዋስሽ» አስብለው የስጦታ ወረቀትና ፕላስተር ሲቆረጥበት አስዋሉት። አሁን ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምገጣጥመው ብርድ ልብስ ደግሞ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብዬ ነበር የምሰፋው። እርስዎ መሃል ገቡ። ስመለስ 7 ላይ ቀጠልኩ። አንድ ሚሊ ምን አላት? አንድ ከዚህኛው ቁራጭ፣ አንድ ከዚያኛው፤ በአንድ ስፌት ሁለት ሚሊ ይሄዳል። አሥር ስፌት ስደርስ ረድፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር አጠረ። አጭር ረድፍ ከረጅም ጋር ለመግጠም የታገለ ሰው ያውቀዋል። ፈታሁት። ገና እየፈታሁት ነው።

መካሪዎችም አሉ። «በቀን 15 ደቂቃ ስረቂ» ይሉኛል። ከማን ልስረቅ? ሌባው እርስዎ! ለማንኛውም 15ቱን አስልቻቸዋለሁ። አራቱ ክር ለመለየት፣ ሦስቱ መርፌ ለማሾለክ፣ ሁለቱ የት ላይ እንዳቆምኩ ለማስታወስ፣ ስድስቱ ለእርስዎ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የሚያናድደኝ መጠራቴ አይደለም። ከእርስዎ ኋላ ተከትላ የምትመጣው ነች፦ «ቁጭ ብለሽ የለ እንዴ!» ኳስ የሚያይ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ «ተዪው፣ እያየ ነው» ይባልለታል። ስልኩን የሚጎረጉረውም ሥራ ላይ ነው። መርፌ የያዘች ሴት ግን ሥራ ፈት ነች። ለምን? አትጮህማ። ዝም ብላ ነው የምትሠራው። ስማ፣ አንተ «አንዴ»! አዎ፣ አንተ ነው ያልኩህ። በዓሉ ለሌላው ዕረፍት የሆነው እኔ ቆሜ ስለዋልኩ ነው። ጠዋት ቆሜ፣ ቀን ቆሜ፣ እስኪመሽ ቆሜ። የተቀመጥኩት ሃያ ደቂቃ ነው። ከቀኑ ሁሉ ያቺ ሃያ ደቂቃ ነች ዓይንህ የገባችው? የኔ የምላት እሷን ብቻ ነበር።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ አክብሮቴ ተመልሻለሁ።

የባዮ ታፒስትሪ የሚባል የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ አለ። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን እንዴት እንደያዙ በሥዕል ይተርካል። ርዝመቱ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ሽመና ቢያስመስለውም በሱፍ ክር በበፍታ ላይ በእጅ የተጠለፈ ነው። መጨረሻው ግን ጎድሏል። ሊቃውንቱ ምን ነበረበት እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ምን እንደነበረበት አላውቅም፤ ጠላፊዋን ማን እንደጠራት ግን አውቃለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። ፈቃድ ይውጡ። በበዓል ሰሞን፣ ማታ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ። ማመልከቻ በሦስት ኮፒ ካሉኝ አቀርባለሁ። ጉርድ ፎቶም አያይዛለሁ። ተሰለፊ ካሉኝም እሰለፋለሁ፤ እንዲያውም ደህና አድርጌ የምጠልፈው ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፍ ላይ ቻርጀር የሚጠይቀኝ የለም። መስኮቱ ጋ ስደርስ «አንዴ ይጠብቁ፣ ሲስተም የለም» እባላለሁ። እዚያም ያሉት እርስዎ ነዎት፣ አውቃለሁ።

አማቴ እንዳሉት በማግስቱ ሄዱ። ትራሱንም ይዘውት ሄዱ። ከእንጨቱ አውልቄ ሰጠኋቸው፤ ክቡ ጨርቁ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከትናንት በስቲያ ደወልኩ። «እማዬ፣ ይላኩልኝና አምስቷን ፊደል ልጨርሳት፤ ሳምንት አይፈጅብኝም።»

«አንዴ ቆዪኝ ልጄ፣ እንግዳ ገባብኝ፤ መልሼ እደውልልሻለሁ።»

እስካሁን አልደወሉም። እንግዳው የትኛውን ትራስ ተደግፎ እንደተቀመጠ እያሰብኩ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
አምስት ፊደል የቀራት